በቁም የሚደርስ ቅሬ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በመንገዱ ጥግ ጎማ የሚጠግን ሰው አለ። ስሙ ጀማሉዲን ነው። ሰፈሩ ግን ለብዙ ጊዜ «እብዱ ጎሚስታ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ያውም ጎማውን እያስጠገነ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ። ይህን የሚያነብ የዚያ ሰፈር ሰው ካለ ራሱን ያውቃል። የምጽፈውም ለእሱ ጭምር ነው።

ጀማሉዲን ሁለት ጊዜ ዘምቷል። መጀመሪያ ገና ጢም ሳያበቅል በድንበሩ ጦርነት፤ ሁለተኛ ደግሞ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጎ፣ ጦርነቱ ደጃችን ድረስ ሲመጣ። ሲሄድ የድምፅ ማጉያ ተከራይተን፣ ጨፍረን ሸኘነው። ሲመለስ መናኸሪያ ላይ ቦርሳውን የተቀበለችው ሚስቱ ከይሪያ ብቻ ነበረች። አካሉ ሙሉ ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ሆነ። እጅ ወይ እግር አጥቶ ቢመጣ ሰው ከንፈሩን መጥጦ ይገባው ነበር። ሙሉ ሰውነት ይዞ የመጣ ሰው በእንቅልፉ ሲጮህ ግን ጂን ነው፣ ጫት ነው፣ የሰው ዓይን ነው ይባላል። ጦርነቱ ነው የሚል ጠፋ። ጦርነቱ ነው ከተባለማ እኛ የሸኘነውም ያለብን ነገር ሊኖር ነው።

እስቲ አስቡት፤ ይህ ሰው የሚሠራው ጎማ ቤት ነው። ጎማ ደግሞ ይፈነዳል። ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ጎማው በፈነዳ ቁጥር ጀማሉዲን ቦይ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ፣ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ይገኛል። ይህን ያወቁ ሾፌሮች ረዳቶቻቸውን እየላኩ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከኋላው ያስፈነዱበት ጀመር። ለሳቅ ነው። ስቀው ሲያበቁ እሱ ልብሱን አራግፎ ይነሣና ጎማቸውን ይሞላላቸዋል። አንድም ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ይህም ሆኖ ከፊርደውስ ሠርግ ጋር አይወዳደርም። ፊርደውስ የመጀመሪያ ልጁ ናት። ኒካሁ የሚታሰረው ኩታበር፣ በጀማሉዲን አባት ግቢ፣ ዳስ ተጥሎ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅን የሚሰጥ አባቷ ነው፤ ሸሁ ፊት ተቀምጦ፣ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ፣ «ዳርኩህ» የሚለው እሱ ነው። ጀማሉዲን እጁን እንደ ዘረጋ የሙሽራው አጀብ ከአጥሩ ጥግ ተኮሰ፤ እንደ ልማዱ፣ ለደስታ። ሰው ዞር ሲል ሸሁ መሬት ላይ ናቸው፤ ጀማሉዲን በላያቸው ተጋድሟል። ጥምጥማቸው ወጥ ሳህን ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ። ጀማሉዲንን ለሁለት ደግፈው ወደ ቤት አስገቡት። የፊርደውስን ኒካህ ታናሽ ወንድሙ ሂሻም ያዘ።

ከዚያ ወዲያ ጎማ ቤቱ ተዘጋ። ጀማሉዲን ከቤት መውጣት ተወ፤ ለጁሙዓ እንኳ አልወጣ አለ። ከይሪያ ቅመም እየቸረቸረች ቤቱን ያዘች። በዚህ መሃል ሁለተኛዋ ልጁ ረውዳ ታጨች።

ሂሻም ከኩታበር ወርዶ ቁጭ አለ። ተጨንቆ ነበር፤ መጥፎ ሰው አይደለም።

«አያ ጀማል፣ እንዳትቀየመኝ» አለ። «የረውዳንም እኔ ልያዝላት። አንተ ቤት ውስጥ ሆነህ ዱዓ ታደርግላታለህ።»

«ሞቻለሁ እንዴ እኔ?»

«ኧረ አብሽር፣ ዕድሜ ይስጥህ። ሰው ይስቃል ብዬ ነው እንጂ።»

ጀማሉዲን ዓይኑን ወደ ተዘጋው በር አዞረ። መሳቁንስ ይስቃሉ።

ረውዳ ከጓዳ ወጣች። ይህች ልጅ አንገቷን ደፍታ የምታዳምጥ ዓይነት አይደለችም። «አጎቴ፣ የፊርደውስን ያዝክላት፤ አላህ ይስጥህ። የእኔን አባቴ ነው የሚይዝ። አለዚያ ያጨኝ ሰው ይጠብቅ።»

«እስከ መቼ ነው የሚጠብቅ?»

«ረመዳን ይውጣ። በሸዋል ይሁን።»

«በሸዋልስ ባይችል?»

«ያን ጊዜ አንተን አይደለም፣ ማንንም አልጠራም» አለችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ጀማሉዲን የዚያን ቀን እራት አልበላም። ልጁ እሱን አምና ትዳሯን በእሱ አንገት ላይ አንጠልጥላለች፤ እሱ ደግሞ በር ሲንኳኳ እንኳ ግድግዳ የሚጠጋ ሰው ነው።

ከይሪያ ለቅመሟ በርበሬ የምታመጣው ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ነበር። በዚያው ሰሞን እቴነሽ ከምትባል ነጋዴ ዘንድ ቆማ በርበሬ ስታስመዝን፣ ከጀርባ አንድ ተሸካሚ የቆርቆሮ እስር ከትከሻው ለቀቀው። ጓ አለ። እቴነሽ ጠፋች። ከይሪያ አንገቷን አስግጋ ብታይ ከሚዛኑ ጠረጴዛ ሥር በደረቷ ተኝታለች። ትንሽ ቆይታ ተነሣች፤ ጉልበቷን አራገፈችና፣ «ስንት ኪሎ ነበር ያልሽኝ እመቤት?» አለቻት።

ከይሪያ ይህችን አወዳደቅ ታውቃታለች። ቤቷ ውስጥ አለች።

«እህቴ፣ ዘምተሽ ነበር?»

«የሕክምና ጓድ ነበርኩ። ያንቺስ፣ ባልሽ ነው ወንድምሽ?»

«ባሌ ነው።»

«ሐሙስ ከሰዓት ላኪው። ከዚህ ከመጋዘኑ ኋላ እንቀመጣለን፤ የዘመትን የዘመትን።»

«አይወጣም እኮ እታለም። እኔንም አይሰማኝ።»

«እሱ ካልመጣ እኛ እንመጣለን። ቤትሽን ንገሪኝ።»

እነዚህን የሐሙስ ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። ራሳቸውን ቅሬ ነው የሚሉት። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ሰሌን ተሸክሞ ደርሶ፣ ከሐዘንተኛው ጋር መሬት የሚቀመጥ ማኅበር። የጀመሩት ጋሽ ምንይሉ ናቸው፤ በድሮው ሠራዊት ውስጥ ፈንጂ አንድ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች የወሰደባቸው፣ በሰው ሠራሽ እግርና በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ። መጀመሪያ እንዲሁ ሐሙስ ሐሙስ እየተገናኙ ሻይ የሚጠጡ ነበሩ። አንድ ሐሙስ አንድ ጓዳቸው ቀረ። ሥራ ይዞት ነው ብለው አለፉት። በማግሥቱ ሰሌን ተሸክመው ሄዱ፤ ለቀብሩ። ከቀብር መልስ ጋሽ ምንይሉ፣ «ይህን ሰሌን ትናንት ይዘንለት ብንሄድ ምን ነበረበት?» አሉ። ሌላ ንግግር አላደረጉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሐሙስ የቀረ ሰው ቤት ሁሉም ሰሌኑን ይዞ ይሄዳል። ምክር የለም፣ ተግሣጽ የለም። ሄዶ መቀመጥ ነው።

ይህን የነገራቸው ምሁር የለም። ምሁሩማ መጥቶ ነበር። አዳራሽ ተከራይቶ፣ «ለጀግኖቻችን» የሚል ጨርቅ ሰቅሎ፣ በግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ «በረዥሙ ተንፍሱ» ብሏቸው ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። እስካሁን እየተነፈሱ ነው። ተመልሶ ግን የጠየቃቸው የለም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የደሴ ሰዎች በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ገቡ። ሰሌናቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ ጋሽ ምንይሉን አስቀድመው፣ ተራ ይዘው በጀማሉዲን ሰፈር ቅያስ ገቡ። ሰሌን ተሸክሞ በተራ የሚሄድ ሰው ወሎ ውስጥ ወዴት ነው የሚሄድ? የጀማሉዲን ጎረቤት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከበሯ ላይ ሆና አየቻቸው፤ ወደ ጀማሉዲን በር ሲታጠፉም አየች። ነጠላዋን አገልድማ፣ «ወንድሜን፣ ጀማልዬን» ብላ ለቀቀችው። ጩኸቱን የሰማ ከየቤቱ ወጣ። ጀማሉዲንም ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በሽርጡ፣ በባዶ እግሩ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ» አለችው ሰርክአዲስ እያለቀሰች።

ጋሽ ምንይሉ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ገና ነው። እኛ ቀደም ብለን የመጣን ነን» አሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም ጀማሉዲን። ይገባል?»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«መቀመጥ።»

ገቡና ሰሌናቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ጀማሉዲን አፍጦ ያያቸዋል። ጋሽ ምንይሉ ሰው ሠራሹን እግር ፈትተው ግድግዳ አስደገፉና፣ እግሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ በጣታቸው ያክኩ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ጀማሉዲን።

«ተረከዜን ያሳክከኛል።»

«የቱን ተረከዝ?»

«የሌለውን ነዋ። ያለውንማ ማን ይጠይቃል።»

ጀማሉዲን ሳቀ። ከይሪያ ከበሩ ኋላ ሆና የባሏን ሳቅ ስትሰማ አፏን በሻሿ ያዘች። እቴነሽ ደግሞ ከጠረጴዛ ሥር ስለ መተኛቷ አወራች፤ አንድ ደንበኛዋ የወደቀ ሳንቲም ፍለጋ መስሎት አብሯት ስለ መፈለጉ። ከዚህ በኋላ ነበር ጀማሉዲን የሸሁን ነገር አንሥቶ የነገራቸው። ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

«ቆይ» አለች እቴነሽ። «ሸሁን ጣልካቸው ወይስ ሸፈንካቸው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀው አልነበረም። ወንድሙም፣ ሚስቱም፣ ያ ሁሉ የሳቀ እድምተኛም።

«ሸፈንኋቸው» አለ።

«እንግዲያስ» አለችና ሻይዋን አነሣች።

የሐሙስ ሰዎች ሲወጡ በሸዋል ስለሚታሰረው ኒካህ ሰምተው ነበር። ጉዳዩ ከዚያ ወዲያ የሁሉም ሆነ። መድኃኒቱን ያገኘው ግን ራሱ ጀማሉዲን ነው። በሦስተኛው ሐሙስ፣ «የምፈራው ድምፅ ነው አይደል» አላቸው። «ድምፅ እንደሆነ እኔ ጋ ሞልቷል። ጎማ ቤቱን ልክፈተው።»

ከፈተው። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አምጥቶ፣ እርጥብ ጆንያ ጫነበት፣ በላዩ ድንጋይ ደረደረና የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ሰካበት። ሁሉም ራቅ ብለው ከግንቡ ኋላ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ቆሙ። ቱቦው ሲነፋ፣ ጎማው ሲወጠር፣ አሁን አሁን ሲሉ ፈነዳ። ሁሉም ወደቁ። አንድም የቀረ የለም። የጋሽ ምንይሉ እግር ተፈትቶ ለብቻው ቀረ። በአቧራው ላይ በግንባራቸው እንደ ተኙ፣ ከመካከላቸው ኪዳኑ የሚባል የቀድሞ የጦሩ ከባድ መኪና ሾፌር ቀና አለ። ኪዳኑ ከእነሱ ጋር መቀመጥ ከጀመረ አንስቶ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ መጥቶ ይቀመጣል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

«ጎማ ነው እኮ» አለ ኪዳኑ።

እዚያው ተኝተው እስኪያለቅሱ ድረስ ሳቁ። ያ ቃል የማኅበሩ ቃል ሆኖ ቀረ። ከፈነዳ በኋላ ቀድሞ ልቡ የተመለሰለት ሰው «ጎማ ነው» ይላል፤ ሌላውም በየተራ ይላል፤ የመጨረሻው ሰው ሳይል ማንም አይነሣም።

ረመዳን ገባ። ጀማሉዲን እየጾመ ጎማ ያፈነዳ ነበር። እቴነሽም ኪዳኑም እሱ ፊት ውሃ አልጠጣም አሉ። ልምምዱ መጀመሪያ መቼ እንደሚፈነዳ እየተነገረው ነበር፤ ቀጥሎ ሳይነገረው፤ ቀጥሎ ጀርባውን ሰጥቶ። ቀላል ነበር የሚል ካለ ውሸቱን ነው። አንድ ሐሙስ እንደገና ከቤት አልወጣም ብሎ ቀረ፤ ሰሌኖቹ መጡ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ አሁን አልጮኸችም፤ አጥሩን መታ አደረገችና፣ «ጀማል፣ ለቀስተኞችህ መጥተዋል፣ ውጣ» አለች። ልቡ መምታቱን አልተወም። እሱ ግን ተቀምጦ ሲመታ ማዳመጥን ቻለ። ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ያላለፈበት ሰው ልዩነቱ አይታየውም።

በረመዳን የመጨረሻ ቀናት አንድ የመኪና ረዳት እንደ ድሮው ከኋላው ጠርሙስ አፈነዳ። ጀማሉዲን የያዘውን መፍቻ ጥብቅ አድርጎ ቆየና ዞረ። «ጎማ እንኳ አይደለም» አለው። «ሂድና ሌላ አምጣ፤ ይህ ደካማ ነው።» ልጁ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ።

በሸዋል ኩታበር ላይ ዳስ ተጣለ። ለሙሽራው ወገን ተኩስ እንዳይኖር ሂሻም ራሱ ሄዶ ነገራቸው፤ እሺ አሉ። ጀማሉዲን ነጭ ለብሶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። የሐሙስ ሰዎች ሰሌናቸውን ከኋላው ዘርግተው ተቀመጡ፤ ሠርግ ቤት ሰሌን ይዞ የመጣ ሰው ያየች አንዲት አሮጊት «አዑዙ ቢላህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሸሁ እኒያው ናቸው። ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ ከጀማሉዲን ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«ሸህ፣ ቀረብ ይበሉ እንጂ» አላቸው ጀማሉዲን።

«እዚሁ ይበቃኛል ጀማሉ። ድምፄ ይደርሳል።»

የሙሽራውን እጅ ጨበጠ። ረውዳ ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ እህቷ ፊርደውስ ክንዷን ይዛታለች። ሸሁ ኹጥባውን፣ የኒካሁን መክፈቻ ቃል፣ አድርሰው፣ «በል እንግዲህ ጀማሉዲን፣ ከእኔ ጋር በል» አሉ። ጀማሉዲን አፉን ከፈተ። በዚህ ጊዜ እሺ ብለው ከሄዱት መካከል አንዱ፣ የሙሽራው አጎት፣ ደስታው አልቻለለትምና ከአጥሩ ጥግ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ሁሉም ያየው ጀማሉዲንን ነው፤ ለመሳቅ የተዘጋጀም ነበር።

ጀማሉዲን ተቀምጧል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ የሙሽራውን እጅ አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ሙሽራው ጥርሱን ነክሷል። ግን ተቀምጧል። መሬት ላይ የተኙት ሸሁ ናቸው፤ አይመጣምን ትተው ቀድመው ወድቀዋል።

ከኋላ የኪዳኑ ድምፅ ተሰማ። «ጎማ ነው።»

«ጎማ ነው» አለች እቴነሽ። «ጎማ ነው» አሉ ጋሽ ምንይሉ።

ጀማሉዲን ትንፋሹን ለቀቀ። «ጎማ ነው ሸህ» አላቸው። «ይነሡ፤ እንጨርስ።»

ተነሥተው ጥምጥማቸውን አቀኑ። ከዚያም ጀማሉዲን ድምፁ እስከ አጥሩ እየተሰማ፣ ቃል በቃል፣ ልጄን ረውዳን በተስማማነው መህር ዳርኩህ አለ። ሙሽራው ተቀበልኩ አለ። ከመጋረጃው ኋላ እልልታው ሲነሣ የረውዳ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር፤ ሙሽራ እልል አትልም ቢሏትም አልሰማች። ሂሻም ወንድሙን አንገቱን አንቆ ሳመው። ሸሁም መጥተው ቅርቡ ተቀመጡ፤ «ያኔም ሸፍነኸኝ ነበር እኮ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

እዚህ ላይ ቢያበቃም በቂ ነበር። ግን ከዳሱ ዳር ሳቅ ተሰማ። የሙሽራው ዘመድ፣ ካሊድ የሚባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው፣ ተኩሱ ሲሰማ ከአግዳሚው ሥር ገብቶ እስካሁን አልወጣም። ሁለት ሦስት ሰዎች ጎንበስ እያሉ ያዩታል፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸው ነው። እቴነሽ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችውና በርበሬ እንደምትመዝን ያህል እጇ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገችው። «ይህን ወጥ ውስጥ ልክተተው ወይስ ኪስህ ይገባል?» አለችው። ኪሱ ገባ።

ጀማሉዲን ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ የሙሽራዋ አባት፣ የዕለቱ ክቡር፣ አግዳሚው ሥር ገብቶ ከካሊድ ጎን በደረቱ ተኛ።

«ወንድሜ፣ ጎማ ነው» አለው።

ካሊድ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«አብሽር፣ አትቸኩል። እኔም አልቸኩልም። ሙሽራዋ ልጄ ናት፤ ካለ እኔ አይሄዱም።»

እንግዳው ምሳ በልቶ እጁን እስኪታጠብ ድረስ እዚያው ተኝተው አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። ሲወጡ የሁለቱም ልብስ አፈር ነበር። «ሐሙስ ኮምቦልቻ፣ ጎማ ቤት» አለው ጀማሉዲን። ካሊድ እሺ አለ።

ሐሙስ ካሊድ አልመጣም።

ጀማሉዲን ኮምፕሬሰሩን አጠፋ፤ ደንበኞቹን «ነገ ኑ» አላቸው፤ ሰሌኑን ከግድግዳው አወረደ። ካሊድ የሚኖረው ደሴ ዙሪያ፣ ጎመንና ካሮት እያመረተ ነው። ከሚኒባስ ወርደው በእርሻው መካከል ባለች ቀጭን መንገድ፣ አሁን ጀማሉዲን እየመራ፣ ሰሌናቸውን በትከሻቸው አድርገው በተራ ሄዱ። ካሮት የምታጥብ አንዲት እናት አየቻቸው። ወዴት እንደሚታጠፉ ተመለከተች። እጇን ከውሃው አወጣችና ነጠላዋን ለማገልደም ተነሣች።

«ይተዉት እናቴ» አላት ጀማሉዲን እያለፈ። «ሰውየው አለ። ልንቀመጥ ነው የመጣን።»